ሞተሩን ማን ሠራው? ስለ ቀደምት የስቶክ ካር ውድድር ባለመኪኖችና መካኒኮች

የተከበራችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣

ከዚህ ከአትላንታ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ከአንድ ሰዓት ጥቂት ያለፈ መንገድ የነዳ ሰው ዳውሰንቪል ከምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል። በከተማዋ መካነ መቃብር ውስጥ ከሌሎቹ የተለየ አንድ ድንጋይ ቆሟል። በፊቱ ላይ የ1939 ፎርድ መኪና ከነተወዳዳሪ ቁጥሩ ተቀርጾበታል፤ በሹፌሩ በኩል ባለው መስኮት ውስጥ ደግሞ የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ ተተክሏል። ወጣቱ ሎይድ ሲይ ይባላል። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1941 እዚሁ አትላንታ፣ ሌክውድ በተባለው የአፈር ሜዳ የተደረገውን ትልቅ ውድድር አሸነፈ። በማግሥቱ፣ ለአረቄ ማውጫ በዱቤ በተወሰደ ስኳር ሒሳብ ከዘመዱ ጋር ተጣልቶ በጥይት ተገደለ። ዕድሜው 21 ነበር። በዛሬው ንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንድታስቡልኝ እለምናለሁ።

እኔ ልጅነቴን አዲስ አበባ ውስጥ በጋራዥ ያሳለፍኩ፣ እጄ ከግራሶ ተለይቶ የማያውቅ ሰው ነኝ። ያንን ድንጋይ በመጀመሪያ ያየሁ ዕለት፣ ለልጁ ከማዘኔ ጋር አብሮ የመጣብኝ ጥያቄ፣ መኪናውን የገዛው ማን ነው፣ ሞተሩንስ የሠራው ማን ነው የሚል ነበር። በመስኮቱ የሚታየው ፊት የአሽከርካሪው ነው። መኪናው ግን የእርሱ አልነበረም፤ ሞተሩም በሌላ ሰው እጅ የተሠራ ነው። ስቶክ ካር የሚባለው፣ ከፋብሪካ ወጥቶ ለማንም የሚሸጥ ተራ መኪና የሚፋለምበት የአሜሪካ ውድድር ታሪክ ሲጻፍ፣ እነዚህ ከመስኮቱ ውጭ የቀሩት ሰዎች የሚነሡት ካሸናፊው ስም ቀጥሎ፣ ሲያልፍም ጭራሽ ሳይነሡ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ እነርሱ ነው።

መኪናው የሬይመንድ ፓርክስ ነበር፤ የመቃብሩን ድንጋይ ያሠራውም እርሱ ነው። ፓርክስ በ1914 በዚያው በዳውሰንቪል አካባቢ ተወለደ። ከ16 ልጆች የመጀመሪያው ነበር። ገና በ14 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ አረቄ ከሚያወጡ ሰዎች ጋር ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን በሰሜን ጆርጂያ ተራሮች በቆሎ ሸጦ ከሚገኘው ይልቅ በቆሎውን አረቄ አውጥቶ፣ ቀረጥ ሳይከፍሉ፣ በሌሊት ወደ ከተማ ማውረዱ የተሻለ እንጀራ ነበር። ፓርክስ በዚህ ሥራ ገንዘብ ያዘ፤ ኦሃዮ በሚገኝ የፌዴራል እስር ቤትም ዘጠኝ ወር ታሰረበት። ከዚያ በኋላ በአትላንታ ነዳጅ ማደያና ሳንቲም እየተከተተባቸው የሚሠሩ የመዝናኛ ማሽኖች ንግድ ከፈተ፤ ለዘመዶቹ ለሎይድ ሲይና ለሮይ ሆልም የመወዳደሪያ መኪና ገዛላቸው። ጦርነት መጥቶ ሲዘምት፣ በ1944 ማብቂያ ላይ ቤልጅየም ውስጥ በበረዶ በተደረገው ታላቅ ውጊያ ተሳትፎ በሕይወት ተመለሰ። የፓርክስ መኪኖች በንጽሕናቸው የታወቁ ነበሩ። ሌላው ተወዳዳሪ የተላላጠና የተጨራመተ መኪና ይዞ ሲመጣ፣ የእርሱ ቀለማቸው እያብረቀረቀ፣ ቸርኬያቸው እንኳ ታጥቦ ይገቡ ነበር። ይህን የማነሣው ለጌጥ ብዬ አይደለም። ከብዙ ዓመት በኋላ ትልልቅ ኩባንያዎች በቡድን ደረጃ የሚሠሩትን ሥራ፣ ማለትም ለአሽከርካሪው መኪና መግዛትን፣ መካኒክ መቅጠርንና የጉዞውን ወጪ መሸፈንን፣ ያ ሰው ብቻውን ከኪሱ ይሠራው ስለነበረ ነው።

የፓርክስን ሞተሮች የሚሠራው ሉዊ ጀሮም ቮግት ነበር፤ ከፀጉሩ የተነሣ ሁሉም ሰው ሬድ ቮግት ይለዋል። ጋራዡ በአትላንታ ስፕሪንግ ስትሪት ላይ ሲሆን ሌሊትም አይዘጋም ነበር ይባላል። አረቄ የሚያመላልሱትም፣ እነርሱን የሚያሳድዱት የቀረጥ ፖሊሶችም መኪናቸውን እዚያው ያሠሩ እንደነበር በሰፊው ይወራል። ፎርድ በ1932 በርካሽ ዋጋ ገበያ ላይ ያወጣውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ቮግት ፈትቶ፣ ሲሊንደሩን አስፍቶ፣ ተጨማሪ ካርቡራተር ጭኖ ሲገጥመው፣ መኪናው ከፋብሪካው መሐንዲሶች ሐሳብ በላይ ይሮጥ ነበር። በዲሴምበር 1947 ቢል ፍራንስ የተባለው የውድድር አዘጋጅ በፍሎሪዳ ዴይቶና ቢች፣ ስትሪምላይን ሆቴል ጣሪያ ላይ ባለው ባር ባለመኪኖችን፣ መካኒኮችንና አሽከርካሪዎችን ሰብስቦ ማኅበር ሲያቋቁም፣ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ናስካር የሚለውን ስም ያወጣው ይኸው መካኒክ ነው።

ማኅበሩ በተቋቋመ በሁለተኛው ወር፣ በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1948፣ በዴይቶና የባሕር ዳርቻ በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር ያሸነፈው ሬድ ባይረን ነበር። መኪናው የፓርክስ፣ ሞተሩ የቮግት ነው። ባይረን በጦርነቱ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ሲያገለግል ግራ እግሩን ክፉኛ ቆስሏል። ፍሪሲዮን ለመርገጥ እግሩ ስለማይታዘዝለት፣ እግሩን የሚደግፈው ብረት ከፔዳሉ ጋር በቡሎን እንዲያያዝ ተደርጎለት ነበር የሚነዳው። ያንን ብረት ለክቶ፣ ቆርጦ፣ በትክክለኛው ቦታ የሚያስር መካኒክ ባይኖር ኖሮ፣ የ1948ም ሆነ የ1949 ሻምፒዮን ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ነገር ለአገራችን ሹፌሮች እንግዳ አይደለም፤ ባሌስትራ፣ ማለትም የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው የተደራረበ ጥምዝ ብረት ነው። ጭነት የሚያበዛ ሰው የኋላውን ባሌስትራ እንደሚያስጠነክር እኛ አገር የማያውቅ የለም። የአረቄ አመላላሾቹም ይህንኑ ያደርጉ ነበር፤ መኪናው በጋሎን ሙሉ ጭነት ተጭኖ ከኋላው ዝቅ ካለ ፖሊስ ከሩቅ ያውቀዋልና። እንዲህ ሆኖ የተሠራ መኪና ባዶውን በአፈር ሜዳ ላይ ሲታጠፍ ደግሞ ከሌላው ይልቅ መሬቱን ይይዛል። በጁን 19 ቀን 1949 በሰሜን ካሮላይና ቻርሎት አጠገብ በተደረገው፣ ምንም ያልተነካካ የፋብሪካ መኪና ብቻ በሚፈቀድበት የመጀመሪያው ውድድር ግሌን ደናዌይ በ1947 ፎርድ ቀድሞ ገባ። መኪናው ሲመረመር ግን ባሌስትራው ተነካክቶ ተገኘ፤ ድሉም ተነሥቶ ጂም ሮፐር ለተባለ የሊንከን ነጂ ተሰጠ። በዚያ ቀን መኪናውን ያቀረበው ባለመኪና ኸበርት ዌስትሞርላንድ ማኅበሩን 10 ሺህ ዶላር ክስ መሠረተበት፤ ዳኛውም ክሱን ውድቅ አደረገው። የዚህ ስፖርት ደንብ የማስከበር ሥልጣን በመጀመሪያ የተፈተነው በአንድ ባለመኪናና በአንድ ባሌስትራ ነው ማለት እንችላለን።

ዌስትሞርላንድ ግን በዚያ ተቆጥቶ አልቀረም። በሴፕቴምበር 4 ቀን 1950 በደቡብ ካሮላይና ዳርሊንግተን፣ ሃሮልድ ብራሲንግተን የተባለ ሰው በለውዝ እርሻ ላይ ባሠራው አዲስ የአስፋልት መንገድ ላይ 500 ማይል የሚፈጅ ውድድር ሲደረግ፣ ከአሸናፊው መኪና ባለቤቶች አንዱ እርሱ ነበር። ዳርሊንግተንን ያየ ሰው መንገዱ እንደ እንቁላል አንድ ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ መሆኑን ያስተውላል፤ መሬቱን የሸጠው ገበሬ የዓሣ ኩሬዬ አይነካም በማለቱ የመጣ ነው። በዚያ ቀን 75 መኪኖች ተነሡ። አብዛኞቹ ፈጣንና ከባድ ነበሩ፤ አስፋልቱ ግን ጎማቸውን እየበላ ደጋግሞ አስቆማቸው። ከ43ኛ ቦታ የተነሣው ጆኒ ማንትዝ የያዘው ትንሽ ፕሊመዝ ነበር፤ ጎማው የጭነት መኪና ጎማ ዓይነት ጠንካራ ነበር። በአማካይ በሰዓት 75 ማይል፣ ማለትም 120 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ፣ ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ ነድቶ ከሁለተኛው ዘጠኝ ዙር ቀድሞ ጨረሰ። መጽሐፍ ሁሉ ማንትዝ አሸነፈ ይላል፤ ልክ ነው። በእኔ እምነት ግን ያ ውድድር ከመነሻው በፊት፣ ጎማው ሲመረጥ ያለቀ ነበር።

ስለ ካርል ኪክሄፈር አጠር አድርጌ ልለፍ። የጀልባ ሞተር ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ይህ የዊስኮንሲን ሰው በ1955 መጥቶ፣ ሠራተኞቹን አንድ ዓይነት ልብስ አልብሶ፣ መኪኖቹን በተዘጋ ትልቅ መኪና እያስጫነ፣ በአፈር ሜዳው አቧራ ሞተሩ እንዳይጎዳ የወረቀት ዴፕራተር፣ ማለትም የአየር ማጣሪያ፣ አስገጥሞ፣ በ1955 በቲም ፍሎክ፣ በ1956 በበክ ቤከር ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1956 ቡድኑ 16 ውድድር በተከታታይ አሸንፏል። ከዚያ ዓመት በኋላ ጥሎ ሄደ። ሥራ ያሳየ ሰው ነው፤ ቤት ግን አልሠራም።

ቤት የሠሩት የውድ ወንድማማቾች ናቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ስቱዋርት ከምትባል የተራራ ከተማ የመጡ ናቸው። ታላቁ ግሌን እንጨት እየቆረጠ የሚተዳደር ሰው ነበር፤ በ1950 ውድድር ሲጀምር ሞተር የሚያወጣው በግቢያቸው ባለው ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በሰንሰለት እየሰቀለ ነበር። አገር ቤት በጋራዥ የሠራ ሁሉ ይህን ሥዕል ሳይነገረው ያውቀዋል። ታናሹ ሌነርድ ሞተሩን ይሠራል፤ ሌሎቹ ወንድሞች ጎማ ይቀይራሉ፣ ክሪክ ያነሣሉ፣ ቤንዚን ይሞላሉ። እነዚህ ሰዎች ያዩት፣ ሌላው ሰው ግን ያላስተዋለው ነገር፣ መኪናው በሚቆምበት ጊዜም ውድድሩ አለመቆሙን ነው። በዚያ ዘመን ጎማ ሊቀየር የቆመ መኪና አንድ ደቂቃ ቢቆይ የሚደነቅ አልነበረም። የውድ ልጆች ግን ማን ከየት በኩል እንደሚሮጥ፣ ቡሎኑ በማን እንደሚፈታ፣ ጎማው በየትኛው እጅ እንደሚያዝ ደጋግመው ተለማመዱ፤ ክሪኩንም ቀላልና በጥቂት ግፊት የሚያነሣ እንዲሆን አድርገው አሻሻሉት። በ1965 የፎርድ ኩባንያ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ወስዷቸው ስኮትላንዳዊውን ጂም ክላርክን አገለገሉ። ክላርክ ሁለት ጊዜ ብቻ ቆመ፤ የሁለቱ ቆይታ ተደምሮ አንድ ደቂቃ አልሞላም፤ ክላርክም አሸነፈ። ዛሬ በዓለም ላይ ባለ ማንኛውም የመኪና ውድድር ጎማ ቀያሪዎች በልምምድ የሚሮጡት ሩጫ መነሻው እዚያ ጋራዥ ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። በ1963 የዴይቶና 500 ውድድር ሊደረግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ሹፌራቸው ማርቪን ፓንች ሌላ መኪና ሲሞክር ተገልብጦ በእሳት ተያያዘ። ከእሳቱ ካወጡት ሰዎች አንዱ ታይኒ ለንድ ነበር፤ በዚያ ሰሞን የሚነዳው መኪና ያላገኘ ሰው። ፓንች ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ መኪናዬን ለእርሱ ስጡልኝ አለ። የውድ ወንድሞችም ሰጡት። ለንድ 500 ማይሉን አንድም ጎማ ሳይቀይር ጨርሶ አሸነፈ። ጎማ በመቀየር ፍጥነት የታወቀ ቡድን፣ በዚያ ቀን ባለመቀየር አሸነፈ፤ መቼ መንካት እንደሌለበት ማወቅም የመካኒክ ሙያ ነውና። ቡድኑ ዛሬም አለ፤ በኦገስት 2024 እዚያው ዴይቶና ላይ 100ኛ ድሉን አግኝቷል። ግሌን ውድ ግን በ2019 በ93 ዓመቱ አርፎ ስለነበር አላየውም።

ሪቻርድ ፔቲ 200 ውድድር ማሸነፉን የማይጠቅስ የለም። ሰሜን ካሮላይና ሌቨል ክሮስ በሚገኘው የቤተሰቡ ጋራዥ ሞተሩን የሚሠራው ወንድሙ ሞሪስ፣ መካኒኮቹን የሚመራው ዘመዱ ዴል ኢንማን እንደነበሩ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ኢንማን ከሪቻርድ ጋር ሰባት ጊዜ፣ በ1984 ከቴሪ ላቦንቴ ጋር አንድ ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ከዚያው ጋራዥ ሌላም ስም አለ፤ እርሱን ስጠራ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። በሜይ 4 ቀን 1975 አላባማ ውስጥ ባለው የታላዴጋ መወዳደሪያ ላይ የፔቲ መኪና የጎማው ኩሽኔታ ተቃጥሎ እሳት እያወጣ ገባ። እሳቱን ለማጥፋት የተጠቀሙበት፣ ውኃ በግፊት የተሞላበት በርሜል ፈነዳና ራንዲ ኦወንስን ገደለው። ራንዲ የሪቻርድ ሚስት ወንድም ነበር፤ ዕድሜው 20 ነበር። የሞቱት አሽከርካሪዎች ሲዘከሩ የእርሱም ስም አብሮ ሊነሣ ይገባል።

ሴቶቹንም እንዳልረሳ። ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ መኪና ዙሩን የሚቆጥርለት አንድ ሰው ነበረው። ቆጣሪው ወረቀትና እርሳስ ይዞ፣ ትልቅ ሰዓት ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ መኪናው ባለፈ ቁጥር ሰዓቱን ይጽፋል። ይህን ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት የአሽከርካሪዎቹና የመካኒኮቹ ሚስቶች፣ እኅቶችና እናቶች ነበሩ። ባልዋ በሰዓት 140 ማይል ሲበር ዓይኗን ከእርሳሷ ሳታነሣ ሦስት አራት ሰዓት የተቀመጠች ሴት፣ በእኔ ሚዛን ከቡድኑ አባላት አንዷ ናት። አሸናፊው ሲምታታ ምን እንደሚሆን በ1959 የመጀመሪያው የዴይቶና 500 ታይቷል፤ ጆኒ ቦሻምፕ አሸነፈ ተብሎ ታውጆ፣ ፎቶግራፍና ፊልም ሲመረመር ከሰነበተ በኋላ በሦስተኛው ቀን ድሉ ለሊ ፔቲ ተሰጠ።

የአሸናፊ መምታታት ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ዌንደል ስኮት በ1921 በቨርጂኒያ ዳንቪል የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ታክሲ ነድቷል፣ በጦርነቱ ጊዜ አውሮፓ ውስጥ የሠራዊቱን መኪኖች ጠግኗል፣ አረቄም አመላልሷል። ባለመኪናም፣ መካኒክም፣ ሹፌርም እርሱ ራሱ ነበር፤ ረዳቶቹ ልጆቹ ነበሩ። ሀብታም ቡድኖች የጣሉትን ዕቃ እየለቀመ፣ ያገለገለ ጎማ እየገዛ፣ ውድድሩን ለማሸነፍ ሳይሆን ለመጨረስና ለቀጣዩ ሳምንት ገንዘብ ለማግኘት የሚነዳበት ቀን ብዙ ነበር። በዲሴምበር 1 ቀን 1963 በፍሎሪዳ ጃክሰንቪል የአፈር ሜዳ ላይ ግን ከሁሉም ቀደመ። ባንዲራው ግን ለእርሱ አልተውለበለበም፤ አሸናፊው በክ ቤከር ነው ተባለ፤ ዋንጫውንም እርሱ ተቀበለ። ስኮት እንደገና ይቆጠርልኝ አለ። ሕዝቡ ከሄደ በኋላ፣ ስኮት ሁለት ዙር ቀድሞ እንደነበር ታመነ። ጥቁር ሰው በአሸናፊዎች መድረክ ላይ ነጯን የውበት ንግሥት እንዳይስም ፈርተው ሆን ብለው ያደረጉት ነው ብሎ እስከ ዕለተ ሞቱ ያምን ነበር። በ495 ውድድሮች ተሰልፎ፣ በ1973 ታላዴጋ ላይ በደረሰበት ከባድ ግጭት ሥራውን አቆመ፤ በ1990 አረፈ። ለዚያ ድል የሚገባው ዋንጫ ለቤተሰቡ በክብር የተሰጠው በኦገስት 2021፣ ከ57 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። የዚያን ዘመን ክሪክ ያነሡ ልጆቹ ሽማግሌ ሆነው ተቀበሉት።

እነዚህ ሰዎች ለምን ተረሱ ብለን ስንጠይቅ፣ ዝና ሁልጊዜ ፊት ለሚታየው ነው በሚለው ብቻ ማለፍ አይበቃም። የመጀመሪያዎቹ ባለመኪኖች ገንዘብ ያገኙት ደረሰኝ ከማይቆረጥበት ንግድ ስለነበር ዝምታ ልማዳቸው ሆኖ ነበር፤ ፓርክስ ራሱ ብዙ የማያወራ ሰው ነበር። መካኒኩም ምሥጢሩን ለተፎካካሪው ላለማሳየት አይጽፍም። መኪኖቹስ ቢሆኑ ዓመቱ ሲያልቅ ይሸጣሉ፣ ይቆረጣሉ፣ ቀለማቸው ይቀየራል። ዛሬ አንድን አሮጌ መኪና አድሰው ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመልሱ ባለሙያዎች ትልቁን ቁጥርና የአሽከርካሪውን ስም በጥንቃቄ ይጽፋሉ። በድሮዎቹ መኪኖች በርና ኮፈን ላይ ግን የጋራዡና የባለመኪናው ስም በትንንሽ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ያም ፎቶግራፉ እየታየ ፊደል በፊደል መመለስ አለበት ባይ ነኝ። መኪናውን ያስነሣው ስም እርሱ ነውና።

በቻርሎት የናስካር ዝነኞች አዳራሽ የተከፈተው በሜይ 11 ቀን 2010 ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከገቡት አምስት ሰዎች መካከል በመካኒክነቱ የተመረጠ አልነበረም። ዴል ኢንማን በ2012፣ ሞሪስ ፔቲ በ2014 ገቡ። ሬይመንድ ፓርክስ አዳራሹ በተከፈተ በ40ኛው ቀን በ96 ዓመቱ አረፈ፤ ስሙ የገባው በ2017 ነው። በኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ዘምቶ አምስት ጊዜ የቆሰለው፣ በ1962 እና በ1963 በጆ ዌዘርሊ ነጂነት ሻምፒዮን የሆነው ባለመኪና በድ ሙር ግን በ2011 በሕይወት እያለ ገብቶ አይቶታል። እርሱም ራሱን የሚጠራው የገጠር መካኒክ እያለ ነበር።

ዳውሰንቪል ከመቃብሩ ብዙም ሳይርቅ የጆርጂያ የመኪና ውድድር ዝነኞች አዳራሽ አለ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የእነዚያን ዓመታት ፎቶግራፎች ስታዩ አሽከርካሪው መሐል ላይ ፓራውልቱን ተደግፎ ፈገግ ብሎ ታገኙታላችሁ። እናንተ ግን ወደ ዳር ዳሩ ተመልከቱ፤ መፍቻ የያዘ ክንድ፣ ጎማ ላይ የተቀመጠ ልጅ፣ ወረቀት የታቀፈች ሴት አሉ። ስማቸው ከሥሩ ካልተጻፈ፣ በዚያ አካባቢ ያሉትን አዛውንቶች ጠይቁ። ባሌስትራውን ማን አጠፈው፣ ጎማውን ማን መረጠው፣ ዙሩን ማን ቆጠረው በሉ። አንዱ እንኳ ቢያስታውስ፣ ስሙን እዚያው ቆማችሁ ጻፉትና ለአዳራሹ ኃላፊ ስጡት።